የማክሰኞው ተራ

እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን

ለምወድህ ልጄ ለምሰሶ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ለሐኪሙ አሞኛል ያልከው ጆሮህ ደህና እንደነበረ ራስህ ስለነገርከኝ እሱን አልጠይቅህም። የምጠይቅህ እንቅልፍህን ነው። ትተኛለህ? እህል ይወርድልሃል? እኛ ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር በሽታ የለብኝም። የልጄም አባት ደህና ነው፤ ያው እንደ ልማዱ የሰው ደብዳቤ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከተማውን ሲዞር ይውላል።

በስምህ ሳይሆን ምሰሶ እያልኩ ስጽፍልህ ቅር እንዳይልህ። ስምህን ከደብዳቤህ ግርጌ አንብቤዋለሁ። ግን አንተ እኛ ቤት ዓመት ሙሉ የኖርከው ምሰሶ ተብለህ ነው። ልጄ ከበረራ ማሠልጠኛው በላከልን በመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ከመርዘሙ የተነሳ እግሩ ከአልጋው ተርፎ መተላለፊያውን እንደሚዘጋ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባም ጣሪያውን በጭንቅላቱ የደገፈ ስለሚመስል ምሰሶ እንዳላችሁት ጽፎልን ነበር። እሱን ደግሞ አባቱ ፖስተኛ ስለሆነና ከሁላችሁም በላይ ደብዳቤ ስለሚደርሰው «ፖስታ» እንደምትሉት ነገረን። አባቱ ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ፊቱ እንደበራ ሰነበተ። ለሠራተኛው ሁሉ ሲያወራ ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ በየደብዳቤው አንተ አለህ። የመጀመሪያው በረራችሁ ቀን ሁለታችሁም እንዳስመለሳችሁ፣ እሱ በገዛ ባርኔጣው ሲጠቀም አንተ በድንጋጤ የአስተማሪውን ባርኔጣ እንዳነሳህ፣ አስተማሪው ሳያይ ሊያደርገው ሲል እንዴት እንደጮኻችሁ ጽፎልናል። ይህን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ልጆቼ ጦርነት ላይ ሳይሆኑ ትምህርት ቤት ያሉ መስሎኝ ነበር። ናቪጌተር ማለት ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ፣ «አይነዳም፣ አይተኩስም፤ ለሚነዳው መንገድ የሚያሳይ ነው» እላለሁ። ካርታ፣ እርሳስና ማስመሪያ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ምን ያገኘዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ቶሎ ያልመለስኩልህ ተቀይሜ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ እዚሁ ቤታችን ውስጥ መጥራት ያለበት ነገር ነበር። ሁሉንም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ። አንተም ሳትደብቅ ነው የጻፍክልኝ።

«እማማ፣ ያን ቀን አልታመምኩም፤ ፈርቼ ነው» ያልከውን ቦታ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማክሰኞው በረራ ያንተ ተራ እንደነበረ፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ልጄን ጠርተህ ተራ እንቀያየር እንዳልከው፣ እሱም አንድ ቃል ሳይጠይቅህ እሺ እንዳለ ነግረኸኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የወደቀውን አውሮፕላን ስብርባሪ ልትሰበስቡ ተልካችሁ፣ የአንዱን ሟች ተማሪ ማስመሪያ ሣር ውስጥ ጭረት እንኳ ሳይነካው ስላገኘህ፣ ከዚያ ወዲህ ሞተር በተነሳ ቁጥር እጅህ እርሳስ መያዝ እንቢ እንዳለህም። ይህን ሁሉ ሰባት ሳምንት ብቻህን ተሸክመህ ከረምክ። አንጀቴን በላኸው።

ስለዚያ ማክሰኞ እኔም ካንተ ደብዳቤ በፊት የማውቀው ነገር ነበረኝ። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን መርዶው እንዴት እንደደረሰን ልንገርህ። ለማንም በሥርዓቱ ተናግሬው አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ነው። ቴሌግራሙ የደረሰው አባቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላ የት ይደርሳል። ቴሌግራም የምትቀበለው ሴት ሃያ ዓመት አብራው ሠርታለች። ቃሉን ጽፋ ስትጨርስ አድራሻውን አየችና፣ ተነስታ እሱ ደብዳቤ ወደሚደረድርበት ጠረጴዛ ሄዳ ክንዱን ያዘችው። ቦርሳውን ሞልቶ ሊወጣ ነበር። ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈው፣ ደረት ኪሱ ከተተው። ኃላፊው ወደ ቤትህ ሂድ፣ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው እንልካለን አሉት። እሱ ግን ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ያን ቀን የሰውን ደብዳቤ በሙሉ አደለ። የአናጢዎቹን ሰፈር፣ የሐኪም ቤቱን ግቢ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ፎቆች፣ አንድ ቤት ሳይዘል።

እኔ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ። ልጄ እንደነገረህ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ድርጅታችን ድሮ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር የሚሰፋው፣ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የወታደር ሸሚዝ ሆኗል። የእኔ ድርሻ ኮሌታው ነው። ያን ቀን ከጎኔ ካለችው ባልደረባዬ ጋር በሆነ ነገር ስንስቅ ነው የዋልነው። በምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ባሌን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቦርሳው ባዶ ነው። ባዶውን ቦርሳ አቅፎታል።

ለዚህ ነገር ለብዙ ጊዜ ይቅር አላልኩትም። ልጄ ሞቶ አንተ የሰው ደብዳቤ ስታድል ዋልክ ብዬዋለሁ፣ ያውም በሰው ፊት። ምክንያቱን የነገረኝ ከወር በኋላ ነው፤ ድንች እየላጥን ሳለ፣ ቀና ሳይል።

«ቶሎ ብመጣ ቶሎ ትሰሚ ነበር» አለኝ። «ቢያንስ እስከ ማታ ልጅ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።»

ያን ቀን ስስቅ የዋልኩት እሱ ስለተሸከመልኝ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀብሩ ላይ አይቼሃለሁ። አራት ሳጥኖች ነበሩ፤ የአብራሪው፣ የአስተማሪው፣ የልጄና ዘፋኙ የምትሉት የዚያ የጓደኛችሁ። የልጄን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ። ከሌሎቹ ስለምትረዝም ሳጥኑ እንዳያዘነብል ጉልበትህን አጥፈህ ነበር የምትሄደው። ያን ሁሉ መንገድ አንዴም ቀና ሳትል። ዓይኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ዓይን ነውና በዚያ ሰዓት እንኳ እጅጌህ ከአንጓህ አራት ጣት ማጠሩን አየ። ይህ ምሰሶ መሆን አለበት አልኩ። ሲያበቃ ፈለግኩህ፤ የለህም። ሌሎቹ ጓደኞቹ አንድ በአንድ መጥተው እጄን ሲይዙኝ አንተ አልመጣህም። እውነቱን ልንገርህ፣ ምን ዓይነት ኩሩ ልጅ ነው ብዬ ታዝቤህ ነበር። አሁን ለምን እንዳልመጣህ አወቅኩ። ስለታዘብኩህ ይቅር በለኝ።

በሳምንቱ የማሠልጠኛችሁ አዛዥ፣ ሻለቃው፣ ቤታችን መጡ። ብቻቸውን ነው የመጡት። ሶፋው ላይ ይቀመጡ ብንላቸው እንቢ ብለው በሩ አጠገብ ካለችው ጎበጥ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከገመቱት በላይ እንደነበረ፣ ደመና ውስጥ ሳሉ ሳያውቁት ወደ ጎን እንደገፋቸው፣ ከሸለቆው በላይ ነን ሲሉ ከተራራው ጋር እንደተገናኙ አስረዱን። አባቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የልጄ ስህተት ነው ወይ አለ።

«የተማሪ በረራ ነው» አሉ ሻለቃው። «ተማሪ ሊሳሳት ነው የሚወጣው። ስህተቱን መያዝ የነበረብን እኛ ነን።»

በዚህ ዓመት ጠላት የሚባል ሳያዩ አሥራ አንድ ተማሪ እንደሞቱባቸው ነገሩን። ቁጥሩን ሲናገሩ ወደ ጫማቸው እያዩ ነበር። እኔ ደግሞ ልጆቹ ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንዴት አይፈሩም አሉኝ፤ እኔ የምቸገረው ፈርቻለሁ ብሎ የሚነግረኝ በማጣቴ ነው፣ ሁሉም ጆሮዬን ሆዴን እያለ ሐኪም ጋ ይሄዳል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም አሉ። ይህን ልብ በልልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ያንተ ደብዳቤ። አባቱ አመጣው፣ እኔ አነበብኩት፣ ለእሱ ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ ለሴት ልጃችን ሰጣት። የልጄ ታላቅ እህት ባሏ ግንባር ስለሆነ ሕፃኗን ይዛ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ወንድሜ የሞተው በዚህ ልጅ ቦታ ነው» አለች። «መልስ ከጻፍሽለት እኔን አታናግሪኝ።»

እንደማልደብቅህ ቃል ስለገባሁ ነው የምነግርህ። ክፉ አይደለችም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው። አራት ቀን አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ሳንነጋገር ሰነበትን። ሕፃኗን እንኳ ስታቀብለኝ ፊቷን አዙራ ነው።

እኔን ግን የነደደኝ የእሷ ቁጣ አልነበረም። እሷ አንተን ስትረግም እኔ ዝም ማለቴ ነው። ምክንያቱም እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም ነበር።

ልጄ ከሞተ በዘጠነኛው ቀን ከእሱ ደብዳቤ መጥቶልናል። የሠራዊት ፖስታ እንደሚዘገይ ታውቃለህ። የጻፈው ሰኞ ነው፣ ካንተ ጋር ተራ በተቀያየራችሁበት ዕለት። አባቱ ጽሕፈቱን ገና ከሩቅ ነው የሚለየው፤ ያም ሆኖ ሳይከፍተው ይዞልኝ መጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠውና ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ሰላምታ ብቻ ነው አልኩት። እሱም እሺ አለ። እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ደብዳቤ ሲያነብ ያየ ሰው ነው። አልጠየቀኝም። እኔም የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራሩ ሥር ቀበርኩት።

ያለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ሁሉም ተቀምጠው ሳሉ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ላንተም ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፤ ዋናውን ከቤት ማውጣት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ። ምሰሶ የነገውን ተራ ሰጠኝ። እኔ እንዴት አድርጌ ልለምነው እያልኩ ሳስብ ራሱ መጣልኝ። ሐሳቡን እንዳይለውጥ ብዬ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቅኩትም። ነገ ከበረርኩ የሚቀረኝ የዓርቡ ብቻ ነው፤ የበረራ ሰዓቱን ቀድሞ የሞላ ደግሞ ቅዳሜ ፈቃድ ያገኛል። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ና ብለሽ ጽፈሻል፣ አራተኛውን እንዳትጽፊ፣ መጣሁልሽ። የእህቴ ልጅ ጥርስ ሳታወጣ እደርሳለሁ፤ ጣቴን በድዷ ብትነክሰኝ ይሻለኛል። ደግሞ ለምሰሶ ካልሲ ፈልጊለት። እግሩ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው የሚያድረው።»

ይኸው ነው ልጄ። አንተ ባትጠይቀው እሱ ሊጠይቅህ ነበር። ምን ያህል ደስ ብሎት እንደተቀበለህ እየው። ሦስት ጊዜ ና ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ላይማ፣ የሌሎቹ እናቶች ልጆች እየመጡ ነው፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው ብዬ ነበር። ማንም የመጣ ልጅ አልነበረም። እንዲቸኩልልኝ ብዬ ነው።

ይህንንም ለእነሱ ተናገርኩ። እህቱ፣ «የእኔን ልጅ ሊያይ ብሎ ነው?» አለች። ሕፃኗ ጉልበቷ ላይ ተቀምጣ የፖስታውን ጫፍ በሁለት ጥርሶቿ ታኝካለች፤ ማናችንም አልነጠቅናትም። አባቱ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ከቴሌግራሙ ቀን ወዲህ እንደዚያ ረዘም አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም።

«ና ያልሽውን ደብዳቤ ወስጄ የላክኩት እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም» አለ። «መጣሁ ያለውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ከዚህ ሁሉ ሰው ማንን ነው የምንከሰው?»

ከዚያ ሦስታችንም አለቀስን፤ ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ሕፃኗ እኛን አይታ እሷም ጀመረች፤ እሷን ለማባበል ስንል ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ሁሉ የሆነው አንተ ስለጻፍክ ነው። እውነቱን ባትነግረኝ ኖሮ እኔ ያን መሳቢያ እስክሞት አልከፍተውም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ ልወጣ ስል እህቱ ከኋላዬ፣ «ለመሆኑ ካልሲውን ላክሽለት?» አለችኝ። አልላክኩም ነበር። በማግስቱ የባሏን የሱፍ ካልሲዎች አውጥታ፣ ሁለቱን ጥንድ ጫፋቸውን ፈትታ በሌላ ክር ስታስረዝም አመሸች። ቀለሙ አልገጠመም፤ ጣቶችህ አካባቢ ቡናማ፣ ሌላው ግራጫ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ሰላም በይልኝ አላለችም። አጣጥፋ የሰጠችኝ ግን እሷ ናት። ጊዜ ስጣት።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎ ስለለቀቀህ ከሚመጣው ወር አጋማሽ ጀምሮ ወደ በረራ ትመለሳለህ። «ብረር ካሉኝ እበራለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ» ብለሃል። ይህን እኔ ላይ አትጣልብኝ። እኔ አንዴ ና ብዬ አይቻለሁ፤ ከእንግዲህ ለማንም ልጅ ሂድም ቅርም የምልበት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ አስፈርቶኛል። «ከአሁን ወዲያ የትኛውንም አየር፣ የትኛውንም ተራ እንቢ አልልም» ያልከው። ሌላ ሰው ባያስተውለውም እኔ ከቃልህ ሥር ያለውን አንብቤዋለሁ። በእሱ ምትክ ልሂድ እያልክ ነው። ልጄ፣ እኔ ምትክ አልጠየቅኩህም፤ አባቱም አልጠየቀህም። አንድ ልጅ አጥቻለሁ፣ ሁለተኛ ቢጨመርልኝ የመጀመሪያው አይመለስም። ስለዚህ ለእኔ የጻፍከውን ሄደህ ለሻለቃው በአፍህ ንገራቸው። ፈርቻለሁ በላቸው። የሚነግረኝ አጣሁ ያሉ ሰው ናቸው፣ አይቆጡህም። ምድር ላይ ቢያስቀሩህ ካርታ የሚያሰናዳ፣ ነፋሱን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ልጆቹን የፈጃቸው ነፋሱ አይደል? ብትበርም እንደሚፈራ ሰው ሆነህ ብረር፤ ስሌትህን ሁለቴ እያየህ፣ ደመና ሲበዛ እንመለስ እያልክ። እሱ ብቻ ነው ልመናዬ።

ፈቃድ ስታገኝ ና አልልህም፤ ቃሉን ፈርቼዋለሁ። አልጋው ግን ተሰናድቷል። ላንተ አጭር ስለሚሆን አባቱ የእግርጌውን ሳንቃ ነቅሎ ሳጥን ቀጥሎበታል፤ እሱ የሠራው ነገር እንደመሆኑ ትንሽ ያዘነብላል። ከትከሻህ እስከ አንጓህ በሜትር ለክተህ ላክልኝ፣ እጅጌህን እንዲያ አጥሮ ካየሁ ወዲህ እጄ ሰላም የለውም። አክስትህን ሰላም በልልኝ፤ ያለ እናት እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች ሴት የምትኖርበት ቤት ሄጄ እጇን ብይዛት ደስ ይለኛል።

ከበረርክ ደግሞ፣ ከመነሳትህ በፊት አትጻፍልኝ። ነገ ልንበር ነው የሚል ደብዳቤ ከእንግዲህ መክፈት አልችልም። ከወረድክ በኋላ ጻፍልኝ። ዜና አልፈልግም፣ ሰላምታም ይቅርብኝ። «ወረድኩ» ብለህ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ላክልኝ፤ በየቀኑ ቢሆንም አነባታለሁ።

ፈጣሪ ከላይም ከታችም ይጠብቅህ። እንቅልፍ ይስጥህ። እጅህን ያጽናልህ።

የጓደኛህ እናት፣
ካልከበደህ ያንተም